ትርፍ አንጀት የለውም

ዶክተሩ የአባቱን መኪና ለብረት ገዢ እንደሰጣት የተናገረው ሐሙስ ጠዋት ነው፤ ያውም ሠራተኛው ሁሉ እየሰማ።

«ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ላይ መጥቶ ይጭናታል» አለ፣ ጓንቱን ከጣቶቹ እየመዘዘ። «ሞተሯ ሞቷል። የሞተ ደግሞ ይቀበራል እንጂ በር ላይ አይሰጣም።»

ዶክተርነቱ የሰው ሳይሆን የሞተር ነው። ስሙን ያወጡለት ራሳቸው ሠራተኞቹ ናቸው፤ ሞተር ሲከፍት እጁን እስከ ክርኑ ታጥቦ፣ ጓንት አጥልቆ፣ ዞር ብሎ እንኳ ሳያይ «ካቻቢቴ!» እያለ መዳፉን ስለሚዘረጋ። ጋራዡ የእሱ ነው። ከጋራዡ ግንብ ጀርባ ባሉት ሁለት ክፍሎች ደግሞ ሽማግሌው አባቱና ታናሽ እህቱ ይኖራሉ።

እህቲቱን «አጣቢዋ» ይሏታል። አርባ ስድስት ዓመቷ ነው። ከዚህ ውስጥ አሥራ ስምንቱን ያሳለፈችው በግቢው ጥግ፣ ለሁለት ከተሰነጠቀ በርሜል በተሠራው ገንዳ ፊት ቆማ፣ ሌላው የፈታውን ብረት በናፍጣ ስታጥብ ነው። ከእሷ እጅ የወጣ ብረት ገና ከፋብሪካ የመጣ ይመስላል። ገንዳው ፊቷን ወደ ግድግዳው ስለሚያዞረው ከኋላዋ የሚሆነውን ሁሉ የምታየው በጆሮዋ ነው። የትኛው ሞተር በሦስት እግሩ እንደሚሄድ፣ የትኛው ካንዴላ እሳት እንደነሳ፣ ማን ብሎኑን ከልክ በላይ እንዳጠበቀው ዞር ሳትል ታውቃለች። ታውቃለች እንጂ አትናገርም። ማን ጠይቋት!

ሐሙስ ዕለት ግን ተናገረች። በእጇ የያዘችውን ብረት ገንዳው ውስጥ ለቀቀችው፤ ናፍጣው ቦጭ አለ።

«አትጫንም።»

የመኪና አካል ቀጥቃጩ፣ መዶሻ የሚሉት ሰውዬ፣ ሊመታ ያነሳውን እጁን አየር ላይ አቆመው።

«ምን አልሽ?» አለ ዶክተሩ።

«አትጫንም አልኩህ፣ ጋሼ። እስከ ቅዳሜ ስድስት ሰዓት እኔ እገጥማታለሁ።»

«አንቺ? ሞተር ማጠብና ሞተር መግጠም አንድ መሰለሽ እንዴ?»

«አይመስለኝም። ማጠቡ ይከብዳል።»

መዶሻ ሊይዘው ሞክሮ ነበር፤ ሳቁ ግን አምልጦት ግቢውን ሞላው። ዶክተሩ አልሳቀም።

የመኪናዋ ነገር እንዲህ ነው። ሽማግሌው ሠላሳ ዓመት ነድተዋታል፤ ሞተሯንም ከራሳቸው በቀር ማንም ከፍቶት አያውቅም ነበር። የዓይናቸው ብርሃን ከጠፋ በኋላ ነው ቁልፉን ለልጃቸው የሰጡት። ካቻምና የሞተሩ ራስ የሆነው የቴስታታው ጋስኬት ተቃጠለና ዶክተሩ ሞተሩን ፈትቶ መልሶ ገጠመው። ገጥሞ ሲጨርስ ታዲያ ስድስት የጎማ ቱቦዎች ሳህኑ ላይ ቀሩ፤ ሁለቱ አውራ ጣት ያህል ወፍራም፣ ሁለቱ መካከለኛ፣ ሁለቱ ከእርሳስ የቀጠኑ። ዶክተሩ አንዱን በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ አየው።

«ድሮ የተሠራ ሞተር ትርፍ አንጀት ይበዛበታል» አለ። «ጣሉት!»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ዶክተሩ ራሱ ቱቦዎቹ ይገቡባቸው የነበሩትን ትንንሽ የነሐስ አፎች አጭር አጭር ጎማ እያለበሰ፣ ጎማውን በብሎን እየወተፈ ደፈናቸው።

ከዚያ ወዲህ መኪናዋ ዘይት መትፋት ያዘች። ከፊት ትተፋለች፣ ከኋላ ትተፋለች። ዶክተሩ ዘይት የሚይዙትን ጎማዎች ቀየረ፤ በሳምንቱ ተፋች። ደግሞ ቀየረ፤ ደግሞ ተፋች። አጣቢዋ ያኔ አንድ ነገር ሰምታ ነበር። ሞተሩ እየሠራ የዘይት መሙያው ክዳን ሲከፈት፣ ትንፋሹን አምቆ እንደቆየ ሰው «ኡፍ!» ይላል። ጠጋ ብላ «ጋሼ፣ መተንፈሻው ተዘግቶበት ይሆን እንዴ?» አለችው።

«አንቺ እጠቢ» አላት።

ይህቺ «አንቺ እጠቢ» እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሮዋ ላይ ተሰክታ ዓመት ከመንፈቅ ኖረች። ቱቦዎቹን ግን አልጣለቻቸውም። ጫፎቻቸው ላይ የእናቷን የስፌት ክር ስላየች፣ ባዶ የዱቄት ወተት ጣሳ ውስጥ ከታ አልጋዋ ሥር አኑራቸው ነበር።

መኪናዋ በሩ አጠገብ ናት። ሽማግሌው በየጠዋቱ በአጣቢዋ ክንድ ተደግፈው ይወጡና መሪው ፊት ይቀመጣሉ፤ እጃቸውን ማርሹ ላይ አድርገው የግቢውን ድምፅ ይሰማሉ። ከመኪናዋ ሥር ጥቁር የዘይት ኩሬ ተኝቷል። ደንበኛ በገባ ቁጥር «ይቺ ደግሞ የማን ናት?» ይላል፤ ያኔ የዶክተሩ ጆሮ እስከ ሥሩ ይቀላል። ክፋቱ ይኸው ነው እንጂ አባቱን ጠልቶ አይደለም።

«እሺ፣ ግጠሚያ!» አለ በመጨረሻ። «ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ላይ አንዲት የዘይት ጠብታ መሬት ላይ ካየሁ ግን፣ ገፍተሽ የምትጭኛት አንቺው ነሽ።»

«ይሁን» አለች።

ከመኪናዋ ውስጥ የሽማግሌው ድምፅ መጣ። «እኔስ አስተያየት የለኝም እንዴ? ወይስ ከነወንበሩ ሸጣችሁኛል?»

የዚያን ዕለት አመሻሽ፣ ፀሐይ ገና ከመስኮቱ ሳትወርድ፣ ጣሳውን ጎትታ ቱቦዎቹን አባቷ ክፍል ጠረጴዛ ላይ ዘረገፈቻቸው። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ አንድ አልጋ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ጥግ ላይ ደግሞ በአንሶላ የተሸፈነ የእናቷ የስፌት መኪና። ሽማግሌው እጃቸውን ሰደድ አድርገው አንዱን ቱቦ አነሱና ጫፉን በአውራ ጣታቸው ዳበስ ዳበስ አደረጉት።

«ሦስት ቋጠሮ» አሉ፤ ፊታቸው በራ። «ይሄማ የእናትሽ ክር ነው። ሰም የተቀባው፣ ቁልፍ የምትተክልበት።»

«አዎ፣ አባባ።»

«ሞተር በከፈትኩ ቁጥር እለምናት ነበር። ‹ደግሞ ክሬን ልትጨርስ መጣህ!› ትለኛለች። በየቱቦው ጫፍ እቋጥራለሁ፤ ከአንድ እስከ ስድስት። ቱቦው በሚገባበት አፍ ላይም ያንኑ ቁጥር። ስገጥም ዓይኔ ሞተሩ ጀርባ ባይደርስም ጣቴ ያነብልኛል። አፎቹን ዳብሺያቸው፤ ክሩ አለ።»

አጣቢዋ ያነሳችውን ቱቦ መልሳ አስቀመጠችው።

«አፎቹ ላይ ክር የለም፣ አባባ።»

«ማን ፈታው?»

«እኔ።» እጇን በቀሚሷ ጠረገች፤ እጇ ግን ንጹሕ ነበር። «ካቻምና ካርቡራተሩንና ሌሎቹን ብረቶች ሳጥብ በሽቦ ብሩሽ ፈትጌ አነሳሁት። ቆሻሻ መሰለኝ። ቱቦዎቹ ላይ ያለውን ያየሁት በኋላ ነው።»

ሽማግሌው ቱቦውን በጣታቸው አሽከረከሩት። ከዚያ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ፤ ሲስቁ ኖሯል። እስኪያስላቸው ሳቁ።

«እኔ ቋጠርኩ፣ አንቺ ፈተግሽ፣ እሱ ደፈነ! ተባብረን ነዋ የገደልናት!»

«አትሳቅ እንጂ! የቱ የት እንደሚገባ አታስታውስም?»

«ማስታወስ ብፈልግ ክር ለምን እለምናለሁ? እንዳላስታውስ ብዬ እኮ ነው የቋጠርኩት።» ቱቦውን ግን አላስቀመጡትም። «ቆይ እስቲ። ይቺን ጎማ ቀጥ አድርጊያት።»

ቀጥ አድርጋ ለቀቀቻት። ቱቦዋ ቀስ ብላ ወደ ቀድሞ ጉብጠቷ ተመለሰች።

«ሠላሳ ዓመት ሙቀት ላይ ተኝታለች» አሉ። «የተኛችበትን ጎን ይዛለች። ወዴት እንደምትዞር እሷ ራሷ ትነግርሻለች። አንቺ ብቻ አድምጫት።»

አርብ ጠዋት የሞተሩን ክዳን ከፈተች። አምላኬ፣ የሚያውቅ አንተ ነህ፤ እኔ የሰማሁትን ያህል ልሞክር፣ አለች በልቧ፤ ሌላ ጸሎት አላስረዘመችም። የራሷ መፍቻ እንኳ የላትም። መዶሻ በአጠገቧ ሲያልፍ ፒንሳውን ሞተሩ ላይ ጣል አደረገ።

«አሁን ሄጄ ‹ፒንሳዬ ጠፋ› ብዬ እጮሃለሁ» አላት በሹክሹክታ። «አንቺ አትስሚኝ።»

ሄዶም ጮኸ። እሷም አልሰማችውም።

ብሎኖቹን አንድ በአንድ እየነቀለች በሽርጧ ኪስ ከተተቻቸው፤ ሰባት ነበሩ፤ የአንዱ ቱቦ ሁለቱም አፎች ተደፍነው ነበርና። ቀጥላ ቱቦዎቹን ሞተሩ ላይ እያጋደመች ማየት ጀመረች። አንደኛው ወፍራም ቱቦ እንደታጠፈ ክርን ነው፤ ከቴስታታው ክዳን ተነሥቶ አየር ማጣሪያው ውስጥ ከመግባት በቀር ሌላ ቦታ አልተኛ አላት። ንጹሕ አየር ወደ ሞተሩ ሆድ የሚያስገባው እሱ ነው። ሁለተኛው ወፍራም የሞተሩን ጎን ተለጥፎ ይወርድና ይጠመዘዛል፤ የታመቀውን ጢስ ከሆድ እየሳበ መልሶ እንዲቃጠል የሚያደርሰው ነው። ወንድሟ የደፈነበት ትንፋሽ ይህ ነበር። ትንፋሹ መውጫ ቢያጣ ዘይቱን በጎማዎቹ በኩል ገፍቶ አወጣው፤ ሰውስ ቢሆን አፍና አፍንጫውን ቢይዙት በምን ይወጣለታል?

መካከለኞቹን ሁለቱን በአፍንጫዋ አወቀቻቸው። ከዓመት ከመንፈቅ በኋላም ቤንዚን ቤንዚን ይሸቱ ነበር። የቤንዚን ትነት ወደሚያጠራቅመው ጥቁር ጣሳ ነበር የሚሄዱት። ጎማቸው ተሰነጣጥቋል፤ አሮጌውን እየለካች ከመደርደሪያው አዲስ ጎማ ቆረጠች።

«የማን ጎማ ነው የምትቆርጪው?» አለ ዶክተሩ ከኋላዋ።

«የአባትህ።»

ዶክተሩ ጎማውን አየ። ጓንቱን አጠለቀ፤ ምንም የሚነካው ነገር ስላልነበረ ደግሞ አወለቀው።

ሁለቱ ቀጫጮች ግን አስቸገሩ። ባለ ሦስት ቋጠሮውና ባለ አራቱ፣ ጎን ለጎን የተኙ መንትዮች፤ ጉብጠታቸው አንድ፣ ርዝመታቸው አንድ። አንዱ እሳቱን ለካንዴላዎች የሚያድለውን ዲስትሪቢውተር ያግዛል፤ ሌላው አየር ማጣሪያው ውስጥ ያለችውን ትንሽ በር ይስባል። ካርቡራተሩ ላይ ሁለት ጎረቤት አፎች አሉ። የቱ ለየቱ? ለዲስትሪቢውተሩ፣ ትልቅ ሥራ ነውና ጉልበተኛው አፍ ይገባዋል ብላ የታችኛውን ሰጠችው። ሥራው ሲያልቅ ፀሐይዋ ግንቡን አልፋ ነበር። እጇን ታጥባ ገባች።

ቅዳሜ ገና አምስት ሰዓት ተኩል ሳይሆን የብረት ገዢው ጭነት መኪና እያጓራ ገባ። ሰውዬው ቦርጫም ነው፤ በአንድ እጁ ሰንሰለት፣ በሌላው ዶክተሩ የፈረመለት የሽያጭ ወረቀት ይዟል።

«የታለች ሬሳዋ?» አለ።

«ገና አልሞተችም» አለች አጣቢዋ። ከመኪናዋ ሥር ንጹሕ ካርቶን አንጥፋ ተነሣች። «አባባ፣ አስነሣት።»

ሽማግሌው ቁልፉን አዞሩ። ሞተሩ አንዴ አጉረመረመ፣ ሁለቴ አጉረመረመ፣ ያዘ። ሰዎቹ «እሰይ!» ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ እሪ ብሎ ወጣ፤ ማንም ሳይረግጠው እንደተቆጣ ሰው ይጮኻል። ሽማግሌው ቤንዚኑን ረገጥ ሲያደርጉት ደግሞ ታነቀ፤ አስነጠሰ፤ ተንገጫግጮ ጠፋ።

«አላልኳችሁም?» አለ ዶክተሩ። ድምፁ ላይ ግን ደስታ አልነበረበትም። «በል ጫን።»

ብረት ገዢው ሰንሰለቱን እየጎተተ ሲመጣ አጣቢዋ የመኪናዋ የፊት መከላከያ ብረት ላይ ዘፍ ብላ ተቀመጠች። መንጠቆው የሚገባበትን ቀዳዳ በእግሮቿ ጋረደችው።

«ተነሺ፣ እመቤት።»

«ስድስት ሰዓት አልሆነም።»

«ብዙ ሥራ አለብኝ እኮ!»

«እንግዲያው እኔንም ጫነኝ።»

ሽማግሌው በመስኮቱ አንገታቸውን አወጡ። «እኔንም አትርሳኝ፣ ልጄ። በኪሎ ከሆነ አጥንቴ ይከብዳል።»

መዶሻ መሬቱን በእግሩ እየመታ ሳቀ። ብረት ገዢው ዶክተሩን አየው፤ ዶክተሩ ሰዓቱን አየ።

«ሃያ ደቂቃ አላት» አለ ዶክተሩ ጥርሱን ነክሶ። «ሃያ ደቂቃ ብቻ!»

አጣቢዋ ተነሣች። ከተራረፈው ጎማ ክንድ የሚያህል አንሥታ አንዱን ጫፍ ጆሮዋ ላይ ደቀነች። «አስነሣት፣ አባባ፤ አትርገጣት።» ሞተሩ መጮህ ሲጀምር የጎማውን ሌላ ጫፍ በየመጋጠሚያው አዞረች። ቀዳዳ ካለ እንደ እባብ ይፏጫል። ከላይ አዳመጠች፣ ከኋላ አዳመጠች፣ ከሥር አዳመጠች። የሚፏጭ የለም። እንግዲያው የተረሳ አፍ የለም፤ ሁሉም ገብቷል። ስህተቱ ያለው የቱ የት ገባ የሚለው ላይ ነው።

«ልጄ» አሉ አባቷ ከመሪው ኋላ፣ «የምትታነቀው ስረግጣት ነው ወይስ ሳልረግጣት?»

«ስትረግጣት።»

«ሳልረግጣትስ?»

«ትሮጣለች።»

አፏ ላይ ያለው ቃል ራሷን አስቆማት። ማረፍ ሲገባት ትሮጣለች፤ መሮጥ ሲገባት ጉልበት ታጣለች። ሁለቱን ቀጫጭን ቱቦዎች ከካርቡራተሩ ነቅላ በየአፎቹ ላይ ጣቷን አሳረፈች። የታችኛው አፍ ጣቷን ጥብቅ አድርጎ ሳበው። የላይኛው ዝም አለ፤ እንደሌለ ሆኖ ዝም።

«አሁን ረገጥ አድርጋት። ቀስ ብለህ።»

ሞተሩ ከፍ ሲል ዝም ያለው አፍ ነቃ። ጣቷን ሳባት።

«አይ የኔ ነገር!» አለች ጮክ ብላ። ጉልበተኛውን ነበር የሰጠችው፤ ሲታረፍም ሲሠራም የማያርፈውን። ዲስትሪቢውተሩ የሚፈልገው ግን እስኪፈለግ ዝም የሚለውን፣ እግር ሲረግጥ ብቻ የሚነሣውን ነው። ቱቦዎቹን አለዋወጠቻቸው። ሁለት ደቂቃ አልፈጀባትም።

ጩኸቱ ወረደ። ወረደና፣ ወረደና፣ እንደሚያንቀላፋ ድመት አንድ ቦታ ላይ ተደላደለ። ሽማግሌው ረገጡ፤ ሞተሩ ሳያስነጥስ ሳይሰናከል ተነሣ፣ ሲለቁት ተመለሰ።

«ቆይ» አለ ዶክተሩ ጠጋ እያለ። «ድምፁን ተይው። ዘይቱስ?»

«ዘይቱን ነው የምትለኝ?» አጣቢዋ እጇን ወደ ዘይት መሙያው ክዳን ሰደደች። ዶክተሩ ሳያስበው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ፤ ያንን «ኡፍ!» እሱም ያውቀዋል። ክዳኑን አነሣችው። ምንም አልወጣም። ወደ ብረት ገዢው ዞረች። «ወረቀትህን አምጣት እስቲ።»

«የቱን ወረቀት?»

«የተሸጠችበትን።»

ሰውዬው ግራ ገብቶት ሰጣት። ወረቀቱን ክፍት በሆነው አፍ ላይ ጣል አደረገችው። ካቻምና ቢሆን ጣሪያ ላይ በወጣ ነበር። አሁን ግን ሞተሩ ወደ ውስጥ ሳበው፤ ወረቀቱ መሐሉ ሰርጎድ ብሎ ተለጠፈ፣ ዘይቱም ከሥር እየሰረገ የዶክተሩን ፊርማ አጠቆረው።

«ትተነፍሳለች» አለች። «ሞታ አይደለም፤ ታፍና ነው።»

ስድስት ሰዓት ሆነ፤ አለፈ። ሞተሩ ሳይጠፋ ግማሽ ሰዓት ሠራ። ዶክተሩ ከነንጹሕ ልብሱ መሬት ላይ ተንበርክኮ ካርቶኑን አየ፤ እጁን ሰዶ የዘይት ጎማዎቹን ዳሰሰ፤ ጣቱን አወጣና በፀሐይ አየው። ደረቅ ነበር። ብረት ገዢው «ባዶ እጄንማ አልመለስም» ብሎ ጥግ የወደቀ የዛገ በር ተሸክሞ ሄደ።

ዶክተሩ ተነሥቶ ከሞተሩ ላይ አጎነበሰ። እንደ ልማዱ ዞር ሳይል መዳፉን ዘረጋ።

«ካቻቢቴ!»

መዳፉ ላይ አንድ ከባድ ነገር አረፈበት። ዞሮ አየ። ሰባት ብሎን፤ ታጥበው፣ ተወልውለው የሚያብረቀርቁ።

«ትርፍ የነበሩት እነዚህ ናቸው፣ ጋሼ» አለች።

ብሎኖቹን አያቸው። አንዱን በሁለት ጣቱ አንሥቶ አገላበጠው። ከዚያ ድምፁን ቀነስ አድርጎ፣ «ያኔ ስትጠይቂኝ...» አለና አልጨረሰውም።

«ያኔ ስጠይቅህ ‹አንቺ እጠቢ› አልከኝ።»

ከመኪናዋ ውስጥ ሽማግሌው፣ እጃቸውን ማርሹ ላይ አድርገው ሲያዳምጡ የቆዩት፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ሚኒሞው ትንሽ ከፍ ብሏል፤ ሳልረግጣትም ትቸኩላለች» አሉ። «አንድ ሩብ ዙር አውርጂው። ስትጨርሺ ደግሞ ክር አምጪልኝ፤ አፎቹ ላይ ልቋጥር። የሚፈትግ እጅ እንዳይደርስባቸው!»

ዶክተሩ ከሞተሩ አጠገብ ያለውን ካቻቢቴ ሊያነሣ ጎንበስ ሲል እሷ ቀደመችው።

«ይሄ ሥራ የኔ ነው» አለች። «ገንዳው ውስጥ ሐሙስ የተውኩት ብረት አለ። አንተ እጠበው።»

መዶሻ መሳቁን ረሳ። ዶክተሩ ከሞተሩ ጎን ቆሞ ቀረ፤ ሠራተኛው ሁሉ ያየዋል። አጣቢዋ ፊቷን ወደ ሞተሩ አዙራ፣ ጀርባዋን ለግቢው ሰጥታ፣ የካርቡራተሩን ብሎን አንድ ሩብ ዙር አወረደች። ሞተሩ እፎይ አለ። ያኔ ከኋላዋ፣ ከጥግ በኩል፣ ናፍጣው ቦጭ ሲል ሰማች፤ ቀጥሎም የሽቦ ብሩሽ። ይፈትጋል፣ ይቆማል፣ ይፈትጋል። አያያዙን አልቻለበትም። ዞር ብላ ግን አላየችውም።